ሴት የነካችው ሞተር

ዓደን፣ ጁላይ 9 ቀን 1995

ለተከበሩ አጎቴ ለቃይድ ሙቅቢል፣

የአላህ ሰላምና እዝነት ከእርስዎና ከቤትዎ አይለይ። ጤናዎ እንዴት ነው? ሳሉ ተሻለዎት? ባለቤትዎ፣ ልጅዎ ሉብና፣ ትንንሾቹስ እንዴት ናቸው? እኛ ለአላህ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን። እናቴን ጉልበቷ እምቢ ብሏት ደረጃ መውረድ ትታለች እንጂ አፏ እንደ ድሮው ነው። አሁንም ከጎኔ ተቀምጣ «ወንድሜን ቅባቱን እንዳይረሳ በይው» እያለችኝ ነው።

ሙቀቱን ያውቁታል። መብራት ደግሞ ከሚኖርበት ሰዓት የሚጠፋበት ይበልጣል። ጣሪያ ላይ ነው የምናድረው።

ስለ ሥራዬ ጠይቀውኝ ነበር። ዎርክሾፑ በአምናው ጦርነት ጊዜ ተዘርፎ ባዶውን ቀርቶ ነበር፤ አሁን እንደገና ቆሟል፤ የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባዎችም መምጣት ጀምረዋል። ከቴክኒክ ተቋሙ አብረውኝ የወጡት ሴቶች ግን አንድ በአንድ ሄደዋል። አንዷ አገባች፤ አንዷን ወንድሞቿ ከለከሏት፤ ራድያ ልብስ ሱቅ ከፈተች። ሞተር ክፍል ውስጥ የቀረሁት ሴት እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ሥራ በጀመርኩበት ዘመን እዚህ ከተማ ሴት ቱታ ለብሳ ስትሄድ ማንም ዞሮ አያያትም ነበር። አሁን አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል።

በቀደም ከወደ ሞካ የመጣ ባለ ጀልባ ገባ። እኔ ሞተሩ ላይ ተደፍቼ ነበር።

«መካኒኩ የት ሄደ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

«አይ፣ መካኒኩን ነው የጠየቅኩሽ።»

«ወንዱን ከሆነ የፈለጉት፣ ሻይ ሊያመጣልኝ ሄዷል።»

አለቃችን ዓም ማህዩብ ጥግ ላይ ሆኖ ሳቁን ዋጠ። ሰውዬው ግን አልሳቀም። ዓም ማህዩብ እጁን ታጥቦ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። እኔ የነገርኩትን ብልሽት ከእሱ አፍ ሲሰማ «ታዲያ እንዲህ አትሉኝም» ብሎ ሄደ። ድሮ እንዲህ ያለው ነገር ያናድደኝ ነበር። አሁን ይደክመኛል።

አንድ ደስ የሚል ወሬ አለኝ። ከተቋሙ ሁለት ሴት ተማሪዎች እኛ ጋ ለልምምድ እንዲመጡ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። አፍራሕና ኢብቲሃል ይባላሉ። ብዙ ለምኜ ነው ያገኘሁት። የባሕሩ ነፋስ ሲበርድ ይጀምራሉ።

እናቴ እጅዎን ትስማለች።

የእህትዎ ልጅ ፈትሂያ

---

ሼፊልድ፣ ኦገስት 20 ቀን 1995

ለልጄ ለፈትሂያ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስሽ፤ አላህ ዓይንሽንም እጅሽንም ይጠብቅልኝ። እህቴን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ቅባቱንና ክኒኑን ከዓሊ ሙርሺድ ጋር ልኬያለሁ፤ በዚህ ወር መጨረሻ ይገባል። ጠዋት ጠዋት ሳትነሳ በፊት ትቀባው።

ደብዳቤሽን እራት ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሉብና ያቺን የሻዩን ነገር ደግመህ ደጋግመህ አንብብልኝ ብላ እራቴን አላስበላችኝም። የእኛን የዓረብኛ ፊደል እንደ ልብ ማንበብ አትችልም፤ የተወለደችው እዚህ ነዋ። ስትሰማ ግን አንድ ቃል አያመልጣትም። «ፈትሂያ ምን አለች?» ትለኛለች ፖስተኛው ባለፈ ቁጥር።

እኛ የአገር ልጆች የምንሰበሰብባት ሻይ ቤት ውስጥም አወራሁ። ሙስዒድ የሚባል ብረት ማቅለጫው ውስጥ አብረን ስንሠራ ጀምሮ የማውቀው ሰው አለ።

«ቃይድ፣ የእህትህ ልጅ እውነት ሞተር ትፈታለች?» አለኝ።

«መፍታትማ ማንም ይፈታል። እሷ ትገጥማለች።»

«የእኔዋ ልጅ የግድግዳ ሰዓት ባትሪ መቀየር አታውቅም።»

«አሳይተሃት ታውቃለህ?»

ሌሎቹ ሳቁበት። ኮርቼብሽ ነው የገባሁት ያን ቀን።

ግን ልጄ፣ ለሰው መልስ አታብዢ። ጊዜው ተለውጧል ብለሽኛል፤ ከተለወጠ ጊዜ ጋር መጋፋት ያደክማል። ጂዳ ያለው የወዳጄ የሳቢት ልጅ አንቺን ለትዳር ጠይቆኛል፤ ጨዋ ልጅ ነው። እንድታስቢበት ያህል ነው፤ አላስገድድሽም።

አጎትሽ ቃይድ

---

ዓደን፣ ኦክቶበር 14 ቀን 1995

ለአጎቴ ለቃይድ፣

ሰላም ለእርስዎ፣ ሰላም ለቤትዎ ሁሉ። መድኃኒቱ ደርሷል፤ እናቴ ትመርቅዎታለች። ስለ ሳቢት ልጅ ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ፤ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነው።

አጎቴ፣ ስህተት ሠራሁ።

ዓወድ ባሳሊም የሚባል የሲራ ዓሣ አጥማጅ አለ። የጀልባውን ሞተር እኔ ነበርኩ ያደስኩት። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የባሕር ውሃ የሚገባበት የጎማ ቱቦ አለ፤ እሱን ጠብቃ የምትይዝ ፋሸታ የምትባል የብረት ማሰሪያ አለች። በእጄ አስገባኋትና በካቻቪቴ ሳላጠብቃት ክዳኑን ዘጋሁት። ማንም አልጠራኝም፤ ማንም አላጣደፈኝም። ረሳኋት፤ ይኸው ነው።

ከሁለት ልጆቹ ጋር ወደ ባሕሩ ውስጥ ርቀው ሲሄዱ ቱቦው ተነቀለ፤ ሞተሩ ግሎ ነከሰና ቀጥ አለ። ነፋሱ ወደ ሹቅራ አቅጣጫ ነዳቸው። ሚስቱ ሲራ ባሕር ዳር ተቀምጣ አደረች፤ በማግስቱም አደረች። እኔም ከእሷ ፈንጠር ብዬ ተቀምጬ ነበር፤ አላወቀችኝም። አንዷን ሴት «ሞተሩን የሠራው ማነው?» ብላ ስትጠይቅ ሰማሁ። ሴትዮዋ «አላውቅም፣ ብቻ ሴት ናት አሉ» አለቻት። ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ሞተሩ አልጠየቀም፤ ምክንያቱ የተገኘ ይመስል።

አላህ ይመስገን፣ የሌላ ጀልባ ሰዎች አገኟቸውና ጎትተው አመጧቸው። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፤ ትንሹ ልጅ ትኩሳት ይዞታል፤ ግን በሕይወት አሉ።

ሞተሩ ሲከፈት ዓም ማህዩብ ቱቦውን አየው፤ አየኝ። «የእኔ ነው» አልኩ። አልደበቅኩም፤ የሚደበቅም አልነበረም።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ኡስታዝ ዓብዱልባሪ ሁላችንንም ሰበሰበን። ፋሪዕን ያስታውሱታል? ጎረቤታችን የነበረው፤ አሁን አብሮኝ ይሠራል። አምና ጨርቅ ሞተር ውስጥ ረስቶ ዘግቶ አንድ ትልቅ ሞተር ድራሹን አጥፍቷል። ያኔ ምን አሉ? «የአላህ ውሳኔ ነው» አሉ፤ ከዚያም «ጨርቁ ንጹሕ ነበር?» እያሉ ሲስቁበት ከረሙ። እሱም አብሮ ሳቀ። ያ የፋሪዕ ስህተት ነበር። የእኔው ግን የሴት ስህተት ሆነ።

«እኔ አንቺን አልወቅስም» አለኝ ኡስታዝ ዓብዱልባሪ። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ሰው አይሰድብም። «የሴት ልጅ ሐሳብ ብዙ ቦታ ነው፤ ቤት አለ፣ እናት አለች። ጥፋቱ እዚህ ያስገቡሽ ሰዎች ነው።»

«ፋሪዕ አምና ሐሳቡ የት ነበር?» አልኩት።

ማንም አልሳቀም። ፋሪዕም መሬት መሬት አየ።

ወረቀት አዘጋጅተውልኛል። «በራሴ ጥያቄ ወደ ጽሕፈት ክፍል ተዛውሬያለሁ» ይላል። ደመወዜ አይነካም። የሚጎድለው ፊርማዬ ነው።

አፍራሕና ኢብቲሃል ሊጀምሩ በነበረበት ጠዋት ከበር ተመለሱ። ዘበኛው ነው የነገራቸው። እኔን አናግረውኝ እንኳ አልሄዱም። በቦታቸው ሁለት ወንዶች ልጆች ገብተዋል።

ምን ላድርግ ብዬ አይደለም የምጽፍልዎት። ለእናቴ ሁሉን መንገር ስላልቻልኩ ነው።

ፈትሂያ

---

ሼፊልድ፣ ዲሴምበር 17 ቀን 1995

ለፈትሂያ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ሳልጽፍ በመቆየቴ አትዘኚብኝ፤ ብርዱ ደረቴ ላይ ተኝቶብኝ ነበር፤ ሌላም ሌላም ነገር ነበረብኝ።

ሰዎቹ በመትረፋቸው ሁለት ረከዓ ሰግጃለሁ።

ስለ ወረቀቱ፦ ፈርሚ ልጄ። የበደሉሽ መሆኑ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። እኔም እዚህ ስመጣ እሳቱ አፍ ላይ የሚያቆሙት የእኛን ሰዎች ነበር፤ ክሬኑ ላይ የሚያወጡት የራሳቸውን። ሃያ ዓመት ሙሉ «እኔም እኮ ክሬን አውቃለሁ» እንዳልኩ ማቅለጫው ተዘጋ። ምን አተረፍኩ? ሳል። አንቺም አንድ ሰው ሆነሽ የስንቱን አስተሳሰብ ትለውጪዋለሽ? ወንበር ላይ ተቀመጪ፣ እጅሽ ይረፍ። እናትሽ አርጅታለች፤ ሰፈር ውስጥ የሚወራውን የምትሰማው እሷ ናት።

ሉብና ደህና ናት። ትማራለች።

አጎትሽ

---

ዓደን፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1996

ለአጎቴ ለቃይድ፣

እንኳን ለረመዳን አደረሰዎት፤ አላህ ጾምዎን ይቀበልልዎ፤ ለደረትዎም ማታ ማታ ሾርባ ይጠጡበት፤ እናቴ ማር ከጥቁር አዝሙድ ጋር ይውሰድ ትላለች።

አልፈረምኩም። ጀግና ሆኜ እንዳይመስልዎት። ወረቀቱ «በራሴ ጥያቄ» ይላል፤ እኔ ደግሞ አልጠየቅኩም። ያልጠየቅኩትን ጠየቅኩ ብዬ ለመፈረም ጉልበት አጣሁ። ኡስታዝ ዓብዱልባሪ እንደ ወትሮው አልተቆጣም፤ «እንግዲያው እቃ እጠቢ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ የሌሎች ሰዎች ቡሎንና ፒስተን በነጭ ጋዝ ሳጥብ እውላለሁ። በጾም የጋዝ ሽታ ይከብዳል። ሁለቱ አዲስ ልጆች የማያውቁት ነገር ሲያጋጥማቸው ዙሪያቸውን ገልመጥ አድርገው ይመጡና በሹክሹክታ ይጠይቁኛል። እነግራቸዋለሁ። ጥሩ ልጆች ናቸው፤ ቦታው የማን እንደነበር አያውቁም።

ዓወድ ባሳሊም ቤት ሄጄ ነበር። ብዙ ጊዜ በሩ ድረስ እየደረስኩ ተመልሻለሁ፤ በመጨረሻ አንኳኳሁ። እሱ ራሱ ከፈተ። ማን እንደሆንኩ ነገርኩት፤ ያጠፋሁትንም ነገርኩት፤ ይቅርታ ጠየቅኩት።

«አዲስ ሞተር ልገዛ ነው» አለኝ። «የሚገጥመው ፋሪዕ ነው።»

«ገባኝ» አልኩ፤ «ሴት ስለሆንኩ።»

«ማን ሴት አለ?» ብሎ ጮኸብኝ። «ልጄ ባሕር መሃል ሽንቱን ሊጠጣ ነበር። ወንድ ብትሆኚም አልሰጥሽም። አንቺን ነው የተቆጣሁት፣ ፈትሂያን። ንዴቴ ሲወጣልኝ እመጣለሁ፤ ካልወጣልኝ አልመጣም።»

አጎቴ፣ ስወጣ መንገድ ላይ አለቀስኩ፤ ግን ከብዙ ወራት በኋላ ቀለል ያለኝ ያኔ ነው። እንደ ሰው ቆጥሮ ተቆጣኝ።

በደብዳቤዎ ስለ ሉብና ሁለት ቃል ብቻ ጽፈዋል። ድሮ ገጹን የምትሞላው እሷ ነበረች። ታማለች እንዴ?

ፈትሂያ

---

ሼፊልድ፣ ማርች 16 ቀን 1996

ለልጄ ለፈትሂያ፣

ሰላም ለአንቺና ለእህቴ። ሉብና አልታመመችም። ልንገርሽ።

በመከር ነው የጀመረው። ትምህርት ቤት አንዲት መምህርት ልጆቹን አንድ በአንድ አስቀምጣ ወደፊት ምን መሆን እንደሚፈልጉ ትጠይቃለች። ሉብና «መካኒክ» አለቻት። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ የፀጉር ሥራና የሕፃናት መዋያ ወረቀት ሰጠቻት። ልጄ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች። እኔ ዘንድ መጥታ ስትነግረኝ አብሬያት እስቃለሁ ብላ ነበር።

አልሳቅኩም። መምህርቷ የመረጠችልሽን ያዢ አልኳት።

«አባዬ፣ በፈትሂያ ትኮራ የለም እንዴ?» አለችኝ።

«ፈትሂያ ዓደን ናት» አልኳት። ፈትሂያ፣ ከሩቅ መኩራት ቀላል ነው፤ የራስን ልጅ እጅ ዘይት ውስጥ ማሰብ ግን ሌላ ነው። ስለ ጀልባው የጻፍሽውን ሳነብላት ይበቃታል ብዬ ነበር፤ ባሰባት። ከዚያ በኋላ ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ ማንበብ ተውኩ። አሁን ለመኪና ጥገና ትምህርት ተመዝግባለች፤ አባት መፈረም አለበት፤ እኔ አልፈረምኩም። ምግብ ላይ አታናግረኝም። እናቷ ጨው ስጡኝ ስትል ብቻ ነው ድምፅ የሚሰማው።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። አንቺን ትሰማለች። ጻፊላት። ውሸት አላልኩሽም፤ እውነቱን ጻፊ። ዘይቱን፣ ሽታውን፣ ሰዎቹ የሚሉትን፣ ያደረጉሽን ሁሉ። እንድትተወው ጻፊላት።

አጎትሽ ቃይድ

---

ዓደን፣ ኤፕሪል 21 ቀን 1996

ለአጎቴ ለቃይድ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። እንደጠየቁኝ ጽፌላታለሁ። የእኛን ፊደል ስለማትችል እርስዎ ራስዎ ያንብቡላት። ደስ የማይልዎትን እንዳይዘሉብኝ አደራ።

ለሉብና፣

እህቴ ሉብና፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። አይተሽኝ አታውቂም፤ እኔም የማውቅሽ በፎቶ ነው፤ ጥርስሽ የወለቀበት። አባትሽ እውነቱን ጻፊላት ብሎኛል።

እጅ አይጠራም። በሎሚ ብታሺውም፣ በአሸዋ ብታሺውም ጥፍር ሥር የገባው ግራሶ አይወጣም። ሠርግ ስሄድ ሂና የምቀባው ለውበት አይደለም።

ስትገቢ ወሬ ይቋረጣል። ስትወጪ ይቀጥላል። ስትሠሪ ቆሞ የሚያይሽ አይጠፋም፤ ወንዱ ሲሠራ ማንም አያየውም። ሲሳካልሽ «ለሴት እኮ ጎበዝ ናት» ይላሉ፤ ይህ ከስድብ ይብሳል፤ ምክንያቱም አመስግኝ ይሉሻል። እንግዳ ሲመጣ ሻይ አምጪ የምትባይው አንቺ ነሽ፤ እምቢ ካልሽ ኩሩ ነሽ፤ ካመጣሽ ደግሞ ሻይ አምጪዋ ሆነሽ ትቀሪያለሽ።

ትሳሳቻለሽ። ሁሉም ይሳሳታል። ያንቺ ስህተት ግን ያንቺ ብቻ አይሆንም። በእኔ ስህተት የተመለሱ ሁለት ልጆች አሉ። ኢብቲሃል አግብታለች። አፍራሕን ገበያ አገኘኋት፤ ሰላም አለችኝና አለፈች፤ ቤቷ ተቀምጣለች። ጥፋቱ የመለሷቸው ሰዎች ነው ብዬ ለራሴ እነግረዋለሁ፤ አምናለሁም። ግን የሷን ፊት ያየሁት እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ሞተር መልሰውኛል። ፍትሕ ሆኖ አይደለም። የዓሣው ወቅት ሞቆ ጀልባው ተሰልፎ ሰው ስላጡ ዓም ማህዩብ አንድ ቀን «ያን ጋዝ ተይውና ነይ» አለኝ። ይቅርታ የጠየቀኝ የለም። ሥራው ሲቀዘቅዝ ምናልባት ወደ ጋዙ ይመልሱኛል።

ታዲያ ለምን አልተውሽውም ብትይኝ የሚያምር መልስ የለኝም። ሥራዬ ነው። የማውቀው እሱን ነው። አንዳንድ ቀን የቆመ ሞተር ሲነሳ ደስ ይለኛል፤ አንዳንድ ቀን ምንም አይሰማኝም፤ እጄን ታጥቤ ወደ ቤት እሄዳለሁ። ፋሪዕም እንደዚሁ ነው፤ እሱን ግን ለምን አልተውከውም ብሎ የጠየቀው ሰው የለም።

ተይው ብዬ እንድጽፍልሽ ነበር የተፈለገው። ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ነይ ብዬም አልጽፍም። ነይ ያልኳቸው ሁለቱ ከበር ተመልሰዋል።

ይልቅ አንድ ነገር። የሴት የሥራ ጫማ የሚሸጥ የለም። እኔ መጀመሪያ የወንድ ጫማ ጨርቅ ጠቅጥቄበት ነበር የማደርገው፤ ከጀልባ መሰላል ላይ አዳልጦኝ ወደቅኩ፤ ቁርጭምጭሚቴ ብዙ ስቆም እስከ ዛሬ ያብጣል። በኋላ ሼክ ዑስማን ሰፈር ውስጥ አንድ ጫማ ሰፊ አገኘሁ፤ አፍንጫው ላይ ብረት አስገብቶ በልክ ይሰፋል። እናንተ ጋ ይኑር አይኑር አላውቅም። ምናልባት ካስፈለገሽ፣ እግርሽ ስንት ነው?

ፈትሂያ

---

ሼፊልድ፣ ሜይ 26 ቀን 1996

ለልጄ ለፈትሂያ፣

የአላህ ሰላም አይለይሽ። እህቴን ሳሚልኝ።

አነበብኩላት። አልዘለልኩም። ስለ ገበያዋ ልጅ የጻፍሽው ላይ ስደርስ ውሃ ጠጥቼ ቀጠልኩ። ስጨርስ ሉብና ሳህኖቹን አንስታ አጠበችና ወደ ክፍሏ ወጣች። ሚስቴ «በቃ፣ ተወችው» አለችኝ። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር፤ ግን ደስ ሊለኝ ሲገባ አላለኝም።

ጠዋት ስወርድ ወጥ ቤት ወለሉ ላይ ወረቀት ዘርግታ ቆማበታለች። ጎንበስ ብላ እግሯን በእርሳስ ልትከብ ትሞክራለች፤ ጎንበስ ስትል እግሯ ይንቀሳቀስባትና መስመሩ ይበላሻል። አጥፍታ እንደገና ትጀምራለች። በሩ ላይ ቆሜ አየኋት።

«ሚዛንሽን ካልጠበቅሽ ልኩ ይስታል» አልኳት። ከስንት ጊዜ በኋላ ያናገርኳት ይኸው ነው።

«ታዲያ እርሳሱን ማን ይያዝልኝ?» አለችኝ።

ጉልበቴ እንደ እናትሽ ሆኗል፤ ወንበር ተደግፌ ወረድኩ። እርሳሱን ተቀበልኳት። እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ቆመች፤ ሁለቱንም እግሯን ከበብኩላት።

ልቤ አሁንም አልፈቀደም። ይህን እወቂልኝ። የትምህርት ቤቱንም ወረቀት ገና አልፈረምኩም፤ ሰኞ ነው የሚመለሰው።

የእግሯን ልክ ከዚህ ጋር አጥፌ ልኬዋለሁ። ጫማ ሰፊውን ትንሽ ሰፋ ያድርገው በይው። ገና ታድጋለች።

አጎትሽ ቃይድ